ፒስታ

እሑድ፣ ከጧቱ 12፡30። የድሬዳዋ ፀሐይ ገና ክንዷን አልዘረጋችም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር ውጭ፣ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ ባለው ደልዳላ ሜዳ ላይ ስድስት ሰዎችና ሦስት ሞተር ሳይክሎች ቆመናል። ከአጥሩ ወዲያ ረጃጅሞቹ የፋብሪካ ሼዶች ሰንበትን አክብረው ዝም ብለዋል። ከአጥሩ ወዲህ አንድ ዕድሜው ስልሳን የተሻገረ መካኒክ ባዶ የውሃ ፕላስቲኮችን በአሸዋ እየሞላ መሬቱ ላይ በሞላላ ክብ ይደረድራል። ሁላችንም «ጋሼ» እንለዋለን፤ እንደ ድሬ ልጅነቱ ግን አንቱታ አይወድምና «አንተ» በሉኝ ብሎናል። የመጨረሻውን ፕላስቲክ ካቆመ በኋላ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ፒስታ እንገባለን» አለን።

ሣቄ መጣ። እኔ ባደግሁበት አማርኛ ፒስታ ማለት አስፋልት ያልደረሰበት፣ ጠጠሩ ጎማ የሚበላ፣ አቧራው ከተሳፋሪው ቀድሞ ቤት የሚገባ መንገድ ነው። «ከዚያ በኋላ ፒስታ ነው» የተባለ መንገደኛ ወገቡን ከወዲሁ ያዘጋጃል። ጋሼ ግን ቃሉን በሌላ ትርጉሙ ነበር የተጠቀመበት። የእሽቅድድም መንገድ ማለቱ ነው፤ መነሻውና መድረሻው አንድ የሆነ፣ እግረኛና ግመል የማይገባበት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞርበት ዝግ መንገድ። ቃሉን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ አባቱ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሲሠሩ ከጣሊያን መካኒኮች አፍ የሰሙት መሆኑን ነገረኝ።

እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ሳይክል ልነዳ የመጣሁ ሰው ነኝ። የመጣሁበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን የዚህን ቃል ታሪክ ላውጋችሁ፤ ምክንያቱም ያን ቀን ሜዳው ላይ የተማርኩት ነገር በሙሉ እዚህች ሦስት ፊደል ውስጥ ተጠቅልሎ አግኝቼዋለሁ።

* * *

ስለ ሞተር በአማርኛ ለማውራት የሚከፍት ሰው ሳያውቀው የሁለት አገር ታሪክ ያወራል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካንዴላ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይኛ ናቸው። ሹፌር የሚለው ቃል በትውልድ አገሩ መጀመሪያ «አሟቂ» ማለት ነበር፤ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚቆሰቁሰው ሰው ስም ነው። የዛሬው ሹፌር እሳት አይቆሰቁስም፤ ስሙ ግን ጭሱን እንደያዘ ቀርቷል። ቃላት እንዲህ ናቸው፤ ድንበር ሲሻገሩ ግማሹን ሻንጣቸውን ኬላው ላይ ጥለው ያልፋሉ።

ፒስታም እንዲሁ ሆነ። በጣሊያንኛ ሥሩ ከመርገጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፒስታ የተረገጠ፣ ኮቴ ያረፈበት፣ ዱካ የቀረበት ሥፍራ ነው። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ የእሽቅድድም መንገድ ስም ሆነ፤ አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ስም ሆነ። ጣሊያኖች በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ደግሞ የግመልና የሲራራ ነጋዴ ጥርጊያውን ፒስታ ይሉት ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው ይኸኛው ትርጉም ብቻ ነው። ለመማርና ለመሳሳት ተብሎ ለብቻው የተከለለ መንገድ የሚለው ሐሳብ ከቃሉ ጋር አልተሻገረም። አቧራው ተሻገረ።

* * *

ድሬዳዋ የተወለደችው መኪና ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መኪና ስል ባቡሩን ማለቴ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ሐዲዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ የተራራው ግርጌ ሲደርስ ግን ሌላ ጥያቄ ገጠመው። እኛ ዛሬ የቆምንበት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በመካከላቸው ደግሞ ከሐረርም ከፍ የሚለው የደንገጎ አናት አለ። መሐንዲሶቹ ለኩ፣ አሰሉ፣ ወጪውንም አዩና ተራራውን ተዉት። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያው ግርጌው ላይ ቆመ። ለቆመበት ሥፍራ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት፤ ጸንቶ የቀረው ግን ድሬዳዋ የሚለው ነው።

ይህን ታሪክ ተማሪ ቤት ስማረው የሽንፈት ታሪክ ይመስለኝ ነበር። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ የሰው ላብ መጥቶ መጥቶ ተራራ ፈራ! ዛሬ እንደዚያ አላነበውም። እነዚያ ሰዎች የማሽናቸውን አቅም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ባቡር ሽቅብ ሲወጣ ጉልበት ያጥረዋል፤ ቁልቁል ሲወርድ ግን ፍሬን ያጥረዋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ስለዚህ ከተማይቱን ሜዳ ላይ ተከሉ። የከዚራ ጎዳናዎች ቀጥ ያሉና ደልዳላ የሆኑት፣ የድሬ ልጅ ሁሉ ብስክሌት ያለ ድካም የሚነዳው፣ ባጃጅ እንደ ንብ የሚርመሰመሰው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው። እኛ ሜዳ ላይ ያደግን የተራራ ጎረቤቶች ነን።

* * *

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1907 የሚሉት ዓመት ለዚህ ወግ እንደ መስቀለኛ መንገድ ነው። በዚያ ዓመት የባቡሩ ኩባንያ ከሰረ፤ ድሬዳዋም የሐዲዱ መጨረሻ እንደሆነች ቀረች። በ1908 ለምኒልክ ሐኪም፣ ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሐዲዱ ግን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያው በ1907 ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት አውቶሞቢል ይዞ ጅቡቲ ወረደ። አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም በተመሳሳይ ወቅት ሌላ አውቶሞቢል ይዞ ተነሣ። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ፤ ምኒልክም አውቶሞቢል ለመሳፈር በቁ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖቻችን የገቡት መንገድ ሳይኖር ነው፤ መኪናው መንገዱን ቀደመው።

ከእነዚያ መኪኖች አንዱ በመጣበት አገር ደግሞ በዚሁ ዓመት የተገላቢጦሽ ነገር ይካሄድ ነበር። በብሪታንያ በ1903 የወጣው ሕግ በሕዝብ መንገድ ላይ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትን ከልክሏል። ጎዳናው የሕፃኑም፣ የፈረሱም፣ የእግረኛውም ነውና ፍጥነት ሌላ ቤት ይፈለግለት ተባለ። የራሷ ሕግ ያላት አይል ኦፍ ማን የተባለችው ደሴት ለአንድ ቀን መንገዷን ዘግታ፣ ግንቦት ውስጥ 25 ሞተረኞችን አሽቀዳደመች። በባለ አንድ ሲሊንደሮቹ ምድብ ያሸነፈው ቻርሊ ኮሊየር ማችለስ በተባለ ሞተር ሳይክል በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት ነበረው። ዛሬ ከፓርኩ ወደ ከተማ የሚመለስ የፋብሪካ ሠራተኛ ከዚያ በላይ ይነዳል፤ ያውም ከጭነት መኪናና ከፍየል ጋር እየተጋፋ።

በሰኔ ወር ደግሞ ሂዩ ሎክ ኪንግ የሚባሉ ባለጸጋ ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው ርስታቸው ላይ ብሩክላንድስን ከፈቱ። 4.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በኮንክሪት የተነጠፈ፣ መታጠፊያው እንደ ሳህን ጠርዝ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ክብ ነው። ለሞተር እሽቅድድም ተብሎ ከመሠረቱ የተሠራ የመጀመሪያው ፒስታ እርሱ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ጀርመኖች በአይፍል ተራሮች መካከል ኑርቡርግሪንግን ሠሩ፤ እሽቅድድም በሌለበት ቀን ማንኛውም ሰው የራሱን መኪና ወይም ሞተር ይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ እንዲገባም ፈቀዱ። ዛሬ በብዙ አገር ጀማሪ ሞተረኛ ለአንድ ቀን ወደ ፒስታ የሚገባበት ልማድ ከዚህ ዓይነቱ በር የወጣ ነው። ሻምፒዮን ለመሆን አይገባም። ሞተሩን ለማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ራሱን ለማወቅ ይገባል። ሲሳሳት ከፊቱ የሚጠብቀው አሸዋና ሣር ነው።

አስቡት እንግዲህ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ እዚያ ፍጥነትን ከጎዳና ለይተው የራሱን ቤት ሠሩለት፤ እዚህ ፍጥነት ቤቱን ትቶ ብቻውን መጣ።

* * *

ወደ ሜዳችን ልመለስ። ጋሼ የሰጠኝ ሞተር አሮጌ ነው። ሄልሜቱ ከእኔ በፊት በብዙዎች ላብ ርሷል። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ልለቅ ስል ሞተሩ እየተንገጫገጨ ጠፋብኝ፤ አራት ጊዜ ጠፋብኝ። ከእኔ ጋር ለመማር የመጣችው የሃያ ዓመት ወጣት ሁለት ዙር ጨርሳ በአጠገቤ ስታልፍ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንዳትስቅ ነው። በአምስተኛው ተንቀሳቀስኩ። በአንደኛ ማርሽ፣ ከዚያ በሁለተኛ፣ የፕላስቲኮቹን ክብ መዞር ጀመርኩ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ምድር በአጠቃላይ እየተጠቀለለች የምትሄድ መሰለኝ።

በሦስተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ ያለውን ፕላስቲክ እንዳልመታው ፈርቼ በጥንቃቄ አየሁት። መታሁት። በአራተኛው ዙር ይበልጥ ተጠንቅቄ ዓይኔን ተከልኩበት። በቀጥታ ሄድኩና ዳግመኛ መታሁት። አካባቢው ሁሉ ባዶ ነበር። ግራውም ቀኙም ሜዳ ነበር። እኔ ግን አንዲቱን ፕላስቲክ እንደ ማግኔት ፈልጌ አገኘኋት።

ጋሼ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ለምን መታኸው?»

«ልሸሸው ብዬ።»

«እያየኸው?»

ዝም አልኩ።

«አቦ፣ የምትፈራውን አትይ። የምትሄድበትን እይ። ዓይንህ የሄደበት ሞተሩም ይሄዳል። ፕላስቲኩን ተወውና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ፈልግ።»

ይህ የጋሼ ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ ያሉ የሞተር መምህራን ሁሉ ለጀማሪ የሚነግሩት የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ሰው ሲደነግጥ ዓይኑ አደጋው ላይ ይቸከላል፤ እጁም ሳያውቀው ዓይኑን ይከተላል። መድኃኒቱን በምክር አታገኙትም። መቶ ጊዜ ፕላስቲክ መታችሁ፣ መቶ አንደኛው ላይ አንገታችሁ ራሱ ወደ መውጫው ሲዞር ነው የምታገኙት። ፍሬኑም እንደዚሁ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳልና አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ጀማሪ ግን የፊቱን ይፈራና የኋላውን ብቻ ይረግጣል። ደግሞም ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አውቀው ነበር። እግሬና እጄ ያወቁት ግን ያን ቀን ነው።

ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ የፊቱን ፍሬን አጥብቄ ያዝኩ፣ መሪው ተጠመዘዘ፣ ወደቅሁ። አቧራው ለስላሳ ነበር። ክርኔ ተላጠ። ጋሼ እየሮጠ መጥቶ ሞተሩን ሳይሆን እኔን አነሣኝ።

«እሰይ!» አለኝ፣ አቧራዬን እያራገፈ። «እሰይ፣ እዚህ ወደቅህ።»

* * *

አሁን የመጣሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ታላቅ ወንድሜ ከሐረር ሲመለስ ደንገጎን ቁልቁል ሲወርድ ሞተ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 30 ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከተማችንን በሙሉ ሐዘን አለበሳት፤ ከ200 በላይ ሰው በጎርፉ አለቀ። የእኛ የአንድ ቤት ለቅሶ በከተማው ለቅሶ ውስጥ ሰጠመ። እናቴ የራሷን ልጅ ሳትጨርስ የጎረቤቶቿን ልጆች አለቀሰች።

ወንድሜ ሞተር መንዳት ያውቅ ነበር። ማለትም ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን መንዳት ያውቅ ነበር። ሁሉም ሜዳ ነው። ያን ቀን የተጓዘበት ሞተር የእርሱ አልነበረም፤ የወዳጁ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ ሰፋ አድርጎ ሲይዝ ተገናኙ። በቀኙ ሞተር የሚያሳልፍ ቦታ ነበረ። የመኪናው ረዳት ለፖሊስ የሰጠውን ቃል አባቴ ሲያነብ አጠገቡ ቆሜ ነበር። «ዓይኑን ከእኛ ላይ ሳይነቅል መጣብን» ይላል። ያችን ዓረፍተ ነገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ለሚጠጋ ጊዜ በልቤ ይዤ ዞርኩ። ለምን አያቸው? ምን ሊላቸው ነበር? ማታ ማታ ስንቱን መልስ ሰጥቻት ነበር።

መልሱን በአሸዋ የተሞላ የውሃ ፕላስቲክ ነገረኝ። ወንድሜ የሚለው ነገር አልነበረውም። ጀማሪ ነበር። እኔ ፕላስቲኩ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እርሱ የጭነት መኪናው ላይ ሠራ። በመካከላችን ያለው ልዩነት ሥፍራው ብቻ ነው፤ እኔ ስሳሳት አቧራ ተቀበለኝ። የባቡሩ መሐንዲሶች ተራራው ላይ ለመውጣት ከመወሰናቸው በፊት ለኩ፣ አሰሉ፣ ተዉት። የእኛ ልጅ ግን በተዋሰው ሞተር፣ ማንም ቁልቁለት ሳያስተምረው፣ ያንኑ ተራራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወርዶ እንዲፈተን ተላከ።

የሞተሩ ባለቤት ጋሼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩን ለማንም አላዋሰም። በምትኩ እሑድ እሑድ ሊማር የመጣውን ሁሉ ያለ ክፍያ ያስተምራል። ስለ ወንድሜ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እናቴም ሃያ ዓመት ሊሞላው ለሚጠጋ ጊዜ የጋሼን ስም በአፏ አልጠራችም።

* * *

ከረፋዱ 4 ሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ግራር ሥር ተቀመጥን። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሰፊ ግቢ አየሁ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ሲከፈት የተባለው ትዝ አለኝ፤ ዕቃ ያለ እንቅፋት የሚገባበትና የሚወጣበት ሥፍራ ተዘጋጀለት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሐዲድ አለው። አውሮፕላኑ የራሱ መንደርደሪያ አለው፤ ጣሊያኖች ቢሆኑ እርሱንም ፒስታ ይሉታል። አዲስ አበባ በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተር ሳይክልን በፈቃድ ካልሆነ በቀር ከጎዳናዋ ከልክላ ነበር። ክልከላ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ይሁንና ሞተረኛው የሚማርበትን ሥፍራ አይሰጥም። ነገ ከነገ ወዲያ እዚህ ግቢ ለሥራ የሚመላለሰው፣ ዕቃ የሚያደርሰው፣ ደንገጎን የሚወርደው ወጣት የት ይሳሳት?

ብሩክላንድስን አልመኝም፤ የኮንክሪት ሳህን አያስፈልገንም። አጥር ያለው አንድ ሜዳ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ቁልቁለት፣ ትዕግሥተኛ መምህርና አንድ ከረጢት ፕላስቲክ ይበቃናል። ያኔ ፒስታ የሚለው ቃል ኬላው ላይ ጥሎት የመጣውን ግማሽ ሻንጣውን መልሶ ያገኛል።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ሩዝ ትለቅም ነበር። ክርኔን አየች። የት እንደዋልኩ ታውቃለች፤ አልነገርኳትም፣ ግን ታውቃለች።

«ወደቅህ?»

«ወደቅሁ፣ እማዬ።»

«የት?»

«ሜዳ ላይ። አቧራ ላይ።»

ሳህኑን አስቀምጣ ገባች። ውሃና ጨርቅ ይዛ ወጣች። ቁስሉን ስታጥብልኝ ምንም አልተናገረችም። ከጨረሰች በኋላ ዳግመኛ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ለአንድ ነገር ይሆናል ብላ ስታጠራቅም የኖረችውን የባዶ ውሃ ፕላስቲክ ማዳበሪያ እየጎተተች አመጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«የሚመጣው እሑድ ስትሄድ ይህን ውሰድለት» አለችኝ። ከዚያም ሩዟን አንሥታ መልቀሟን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ሰላም ብላሃለች በለው» አለችኝ።